የደብረ ወርቅ ኮረብታና ተሳላሚዎቹ

ከቢቸና ተነሥቶ ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው። በስተ ምዕራብ የጮቄ ተራራ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ አገሩ እያዘቀዘቀ ሄዶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በዚሁ መንገድ ላይ ከቢቸና በስተ ሰሜን አንድ ኮረብታ አለ፤ በኮረብታው ራስ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያውም ከተማ ተሠርቷል። ኮረብታውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ከተማውም የሚጠሩት በአንድ ስም ነው፤ ይኸውም ደብረ ወርቅ ነው።

ደብር በግእዝ ተራራ ማለት ነው። ዛሬ በከተማ የምንኖር ሰዎች «ደብር» ሲባል የሚታሰበን ብዙ ካህናት ያሉበት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ተራራ አይደለም። አባቶቻችን ግን ለጸሎት ቦታ ሲመርጡ ዓይናቸው አስቀድሞ ወደ ከፍታው ይሄድ ነበር። ሙሴ ሕግን የተቀበለው በደብረ ሲና ነው፤ ደብረ ታቦርም የታወቀ ነው፤ በእኛም አገር ደብረ ዳሞ በገመድ ይወጣል። እንግዲህ ደብረ ወርቅ ማለት የወርቅ ተራራ ማለት ሲሆን፣ ወርቁ ምን እንደ ሆነ ግን እያንዳንዱ ተሳላሚ በልቡ የሚያውቀው ነው።

የአካባቢው ትውፊት የቤተ ክርስቲያኑን መሠረት ወደ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ያደርሰዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት ከዚህ ደብር ጋር ስማቸው ተያይዞ የሚነሣው አባት አባ ሠርጸ ጴጥሮስ ናቸው፤ ገድላቸውም ተጽፏል። ሕዝቡን ከሩቅ የሚስበው ግን ከሁሉ ይልቅ የእመቤታችን ሥዕል ነው። ይህን ሥዕል ወንጌላዊው ሉቃስ በእጁ እንደ ሣለው ይነገራል። ለሉቃስ የሚሰጡ ሥዕሎች በሌሎችም አገሮች አሉ፤ በሮም ከተማ በታላቂቱ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥዕል ከእነርሱ አንዱ ነው። የጎጃምንም ሥዕሎች ዲያና ስፔንሰር የተባለች ተመራማሪ አገሩን ተዘዋውራ አይታ፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ጽፋባቸዋለች። ተመራማሪው የሚጠይቀው የቀለሙን ዕድሜ ነው፤ ተሳላሚው የሚጠይቀው ግን «እመቤቴ ትሰማኛለች ወይ?» የሚለውን ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች በየቦታቸው ትክክል ናቸው።

ወር በገባ በ21ኛው ቀን የእመቤታችን መታሰቢያ ይውላል። ከዓመቱም ውስጥ ጥር 21 ቀን፣ አስተርእዮ ማርያም፣ በማርያም አድባራት ዘንድ የተለየ ክብር አላት። በዚያን ጊዜ መኸሩ ተሰብስቧል፤ ጭቃው ደርቋል፤ ወንዙ ጎድሏል፤ ገበሬውም ጥቂት ፋታ አግኝቷል። በቀድሞው ዘመን ባለጸጋው በበቅሎ፣ ድኻው በእግሩ ይጓዝ ነበር። ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ነው። የመሸበትም መንገደኛ ከማያውቀው ደጃፍ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ዛሬ አውቶቡስ አለ፤ ነገር ግን እግር የሚረግጠው ዳገት ያው የጥንቱ ነው። ሰውም ከቅጽሩ በር ሲደርስ ይሳለማል፤ ወደ ውስጥ ለመግባትም ጫማውን ያወልቃል። በዚያ ሥፍራ የመሥሪያ ቤቱ ሹምና እረኛው እኩል በባዶ እግራቸው ይቆማሉ።

ተሳላሚው ባዶ እጁን አይመጣም። አንዲት እናት ልጇ በታመመ ሌሊት «እመቤቴ፣ ልጄን ብትምሪልኝ ጥላ ይዤ ደጅሽን እሳለማለሁ» ብላ ትሳላለች። ልጁ ሲድን ሽንኩርትና ዶሮ ሸጣ ጥላውን ትገዛለች። ሌላው ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ መጋረጃ ወይም ምንጣፍ ያመጣል፤ ከብት የተሳለም ከብቱን እየነዳ ይመጣል። ስለት የገባ ሰው ስለቱን ሳያደርስ እንቅልፍ አይወስደውም፤ እርሱ እንኳ ቢሞት ልጆቹ «የአባታችን ዕዳ ነው» ብለው ያደርሱለታል።

አንዳንድ የተማረ ወጣት ይህን ሲያይ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። «ስንት ጥላ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን? ይህ ሁሉ ገንዘብ ለትምህርት ቢውል አይሻልም ወይ?» ይላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን መልስ ከመስጠታችን በፊት ስለቱ ወዴት እንደሚሄድ እንመልከት።

ደብረ ወርቅ፣ በቢቸና አጠገብ ያለችው ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም የጸሎት ቦታዎች ብቻ ሆነው አልኖሩም፤ የትምህርት አገሮች ነበሩ። ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ ያነገበ የቆሎ ተማሪ ከሩቅ አገር በእግሩ መጥቶ፣ ትንሽ ጎጆ ሠርቶ፣ ዜማውንም ቅኔውንም በእነዚህ ቦታዎች ተምሯል። ቀለቡ በየመንደሩ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የሚለምነው ነው። ውሻ ይነክሰዋል፤ ዝናብ ይመታዋል። በበዓል ቀን ግን ተሳላሚው ስንቁን ፈትቶ ያካፍለዋል፤ ከዝክሩም ይቀምሳል። እንዲህ ካለው ኑሮ ውስጥ ከወጡት አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ዲማን ያውቃታል። እንግዲህ የአንዲት ገበሬ ዳቦ ለትምህርት አልዋለም ማለት አይቻልም።

የሩቅ አገር ምሳሌ እንጨምር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩትን የሕንድ መምህራን ብዙ አባቶች ዛሬም ያስታውሷቸዋል። በእነዚያ መምህራን አገር፣ በደቡብ ሕንድ፣ ቲሩማላ የሚባል የሂንዱዎች ቅዱስ ተራራ አለ። መቅደሱ የቬንካቴስዋራ ነው፤ ሰባት ራስ ባላቸው ተራሮች ላይ ተሠርቷል። ከሥሩ ተነሥቶ በእግሩ የሚወጣ ሰው ከ3,500 የሚበልጥ ደረጃ ይረግጣል። ብዙዎች ስለታቸውን የሚያደርሱት ጠጉራቸውን ተላጭተው በመስጠት ነው፤ የተሰበሰበውም ጠጉር ተሸጦ ገቢ ይሆናል። ከዚያም ለተሳላሚው ሁሉ ምግብ በነፃ ይቀርባል፤ ከመቅደሱም ገቢ ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች ይረዳሉ። ከተራራው ሥር በቲሩፓቲ ከተማ በዚያው በመቅደሱ ስም የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ተከፍቷል። ሃይማኖቱ ሌላ፣ ቋንቋውም ሌላ ነው፤ ዳገቱ፣ ስለቱና የተራበው ሰው ግን አንድ ናቸው። በዚያ አገር ያለው ልዩነት ስጦታው በመዝገብ መያዙ ነው።

ይህን የምናነሣው ለምቀኝነት አይደለም። በእኛ አገር ታላላቅ አድባራት ቀድሞ የሚተዳደሩበት መሬት ነበራቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ያ መተዳደሪያ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የካህኑ፣ የመምህሩና የተማሪው ኑሮ ይበልጡን የቆመው በምእመናኑ እጅ ላይ ነው። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ የመንገድ ነገር አሳሳቢ ሆኗል። መንገድ በተዘጋ ቀን የሚጎድለው የተሳላሚው ደስታ ብቻ አይደለም፤ የቆሎ ተማሪው አኮፋዳም ይጎድላል።

ስለዚህ ወጣቱ ላነሣው ጥያቄ መልሱ ስለትን መሳቅ ሳይሆን ስለትን መጠበቅ ይመስለናል። አንባቢ ሆይ፣ አንተ ሒሳብ የተማርህ፣ መዝገብ መያዝ የምታውቅ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ወይም ተማሪ ከሆንህ፣ ወደ እንዲህ ያለ ደብር ስትወጣ የምታበረክተው ከጧፍ ሌላም አለህ። የስጦታው መዝገብ በጥሩ እጅ ቢጻፍ፣ የብራና መጻሕፍቱና የንዋየ ቅድሳቱ ዝርዝር በሥርዓት ቢያዝ፣ የጠፋው ዕቃ መጥፋቱ ይታወቃል፤ የተሰጠውም ወዴት እንደ ሄደ ይታያል። ይህንም ካህናቱን ፈቃድ ጠይቆ፣ በትሕትና መሥራት ነው እንጂ ከተማ ተምሬ መጣሁ ብሎ ማዘዝ አይደለም።

ያቺ እናት ጥላዋን አስረክባ ቁልቁለቱን ስትወርድ እጅዋ ባዶ ነው፤ ልብዋ ግን ቀሏል። ከቅጽሩ ውጭ የተቀመጠው ተማሪ የሰጠችውን ዳቦ በግማሽ ከፍሎ ግማሹን ለጓደኛው ያስቀምጣል። የሚቀጥለው ወር 21ኛ ቀን እስኪመጣ ድረስ ኮረብታው የሚኖረው በዚህ ነው።