ጽሞናና የደም ብዛት፤ ስለ ፎገራ ሜዳ ኑሮ የቀረበ አጭር ጥናት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ጉማራን ተሻግሮ ርብ ከመድረሱ በፊት የፎገራን ሜዳና የወረታን ከተማ ያገኛል። ሜዳው ቀድሞ በከብቱ የታወቀ ነበር፤ ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ግን ስሙ ከሩዝ ጋር ይነሣል። የሰብሉ መለወጥ ኑሮን፥ የኑሮውም መለወጥ ጤናን መንካቱ አልቀረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ጽሞና ወይም ሕሊናን ማሰባሰብ ከአኗኗር የሚመጡ በሽታዎችን፥ ይልቁንም የደም ብዛትን፥ ለመከላከልና ለመቆጣጠር ምን ያህል እንደሚረዳና የት ላይ እንደሚያበቃ ማስረዳት ነው።

1. የኑሮው መለወጥ

ክረምት በውሃ ይዋጥ የነበረው መሬት ለሩዝ ተስማሚ በመሆኑ ለብዙ ቤተ ሰብ ገንዘብ አስገኝቷል። ነገር ግን ገንዘብ ሲገባ ሐሳብም አብሮ ይገባል። ነጋዴው ስለ ዋጋ፥ የመፈልፈያው ባለቤት ስለ ብድር፥ ገበሬው ስለ ጎርፍ ያስባል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ የሚረሳ አይደለም። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ይውል የነበረውም ሰው ከተማ ሲገባ ቀኑን በወንበር ላይ ያሳልፋል፤ ለአጭር መንገድም ባጃጅ ይሳፈራል። መፈልፈያው የሩዙን ፉርሽካ ስለሚያስወግድ፥ ነጩ ሩዝ በሆድ ውስጥ ቶሎ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል።

ይህ የወረታ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት ከመቶው 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ መድኃኒት የማይወስዱ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ሲመክር፥ የእኛ ሰው በአማካይ 8 ግራም ያህል ይበላ ነበር።

2. በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ሰው አደጋ ሲያይ አንጎል ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች ያነቃል፤ እነርሱም አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ቅመሞች ያመነጫሉ። ልብ ይፈጥናል፥ የደም ሥሮች ይጠባሉ፥ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ይህ ከጅብ ለመሸሽ እጅግ ይጠቅማል፤ ሰውየው ካመለጠ በኋላ ሰውነቱ ይረጋጋል። ዕዳና የዋጋ መውደቅ ግን ሮጠው የሚያመልጧቸው ጅቦች አይደሉም። ነጋዴው በሱቁ ተቀምጦ ሳለ ሰውነቱ ሲሸሽ ይውላል፤ ማታም እንቅልፍ ሲያጣ አረቄና ሲጋራ ይፈልጋል።

አሜሪካዊው የልብ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን የዚህን ተቃራኒ መርምሯል። እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ሰው በጸጥታ ተቀምጦ አንድ ቃል ከትንፋሹ ጋር እየደጋገመ፥ ሌላ ሐሳብ ሲመጣበትም ሳይናደድ ወደ ቃሉ ቢመለስ፥ ትንፋሹ ይዘገያል፥ የልቡም ምት ይቀንሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ነው።

3. ልማዱ ለእኛ እንግዳ ነውን?

የቤንሰንን ሥርዓት ያነበበ የፎገራ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው መቁጠሪያን ነው። አንዲት እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው 41 ጊዜ «እግዚኦ» ሲሉ፥ ወይም አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ከሶላት በኋላ በተስቢሕ ዚክር ሲያደርጉ፥ ጸጥታው፥ የቃሉ መደጋገምና የሐሳብ መሰብሰብ ይገኛሉ። በጣና ምሥራቃዊ ዳር እንደ ጣና ቂርቆስ ባሉ ገዳማት ጽሞናና አርምሞ የቆየ ሥርዓት ነው። በእርግጥ ጸሎት ለፈጣሪ የሚቀርብ እንጂ ደም ለማውረድ የታሰበ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ ስሕተት ይሆናል። ለማለት የተፈለገው ግን፥ ዝም ብሎ መቀመጥን ለሕዝባችን ለማስተማር ከሩቅ አገር ቃል መበደር አያስፈልግም ነው። ሃይማኖታዊ ቃል መጠቀም የማይሻ ሰውም ትንፋሹን ብቻ ቢቆጥር ይበቃዋል።

4. የጽሞና ወሰን

የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 የተደረጉትን ጥናቶች መርምሮ፥ ጽሞና ለልብና ለደም ሥር ጤና ሊጠቅም እንደሚችል፥ ይሁን እንጂ ማስረጃው ገና መጠነኛ እንደ ሆነና ከተለመደው ሕክምና ጋር ተጨማሪ እንጂ ምትክ እንዳልሆነ ገልጿል።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። የደም ብዛት ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። በሽተኛው ጽሞና ጀምሮ እንቅልፍ ሲያገኝና ልቡ ሲረጋጋ «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ሊተው ይችላል፤ ግፊቱ ግን በዝምታ አንጎሉን፥ ልቡንና ኩላሊቱን ይጎዳል። መዳኑን የሚናገረው ስሜቱ ሳይሆን መለኪያው ነው፤ በጤና ጣቢያ በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ጽሞናን ከመድኃኒት ጋር ማጣላት አይገባም። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ጸጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ጨውን ለመቀነስ፥ አረቄን ለመተው፥ በእግሩ ለመሄድና ክኒኑን በሰዓቱ ለመዋጥ የሚያስችል ልብ ሊያገኝ ይችላል። ወደየወረዳችን ስንመለስ ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን ይህን በዚሁ ቅደም ተከተል ብናስረዳ፥ በመጀመሪያ መለካትን፥ ቀጥሎ ሕክምናን፥ ከሁለቱም ጋር ጽሞናን፥ የተማርነው ትምህርት ለአገር ጠቀመ ማለት ነው።