ክረምት ሲገባ የሚረግበው አልጋ

ደሴ ላይ ሐምሌ መግባቱን ለማወቅ ደጅ መውጣት አያስፈልግም ነበር። የጠፍር አልጋ ያለው ሰው በጀርባው ያውቀዋል። በግንቦት ድርቅ ብሎ ወገብ የሚገፋው አልጋ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቆይ ይረግባል፤ ዳርና ዳር የተኙ ሁለት ልጆች ሌሊት መሃል ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። በእንዲህ ያለ አልጋ ያደግን ሰዎች እንናፍቀዋለን። ናፍቆቱ ትኋኑን ስናስታውስ ትንሽ ይበርዳል እንጂ አይጠፋም። ለማያውቁት ግን ማስተዋወቅ ያስፈልጋል።

የጠፍር አልጋ እንጨትና ቆዳ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። አራት እግር፣ ሁለት ረጃጅም ጎኖች፣ ራስጌና ግርጌ። እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን ይመረጣል፤ ለመጥረብ ይመቻል፣ መልኩም ያምራል። ምስማር አይመታበትም። የጎኖቹ ጫፍ ይሾልና እግሮቹ ላይ በተፈለፈለ ቀዳዳ ይሰካል፤ በአራቱም ወገን ጠፍሩ የሚገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ተራ በተራ ይበሳሉ።

ቆዳው የበሬ ነው። በችካል ተወጥሮ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሲለሰልስ ባለሙያው ከዳር ጀምሮ ዙሪያውን እየዞረ ወደ መሃል ይተለትለዋል እንጂ ቀጥ ቀጥ አድርጎ አይቆራርጠውም። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከአንድ ቆዳ አንድ ያልተቋረጠ ጠፍር ይወጣል። ቆዳው 3 ካሬ ሜትር ቢሆንና ጠፍሩ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ፣ በሒሳብ 150 ሜትር ይመጣል፤ የተበላሸው ዳርና ዳር ቢጣልም መቶ ሜትር ያልፋል። ጠፍሩ እርጥብ እንዳለ መጀመሪያ በቁመት ይወጠራል፣ ከዚያም በወርድ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፉ ይጠልፉታል። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም እንጨቶቹን ወደ ውስጥ ስቦ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ምስማር የማያስፈልገው ለዚህ ነው። እጁ ያልሰለጠነ ሰው የጠፈረው ግን አንዱ ወገን ሲጠብቅ ሌላው ይላላና አልጋው ይጣመማል። ሦስት እግሩ መሬት ረግጦ አራተኛው አየር ላይ የሚቀር አልጋ የሠሪውን ስም ለዓመታት ያስነሣል፤ በደግ አይደለም።

ስለ ሠሪው ከተነሣ አይቀር፣ ቆዳ የሚያለፋውን ሰው አገሩ «ፋቂ» እያለ ይንቀው ነበር። እጁ በደከመበት አልጋ ላይ ተንጋልሎ እሱን ማማት ነውር አልነበረም። የድሮ ቤት ትዝታ ሲወራ ይህኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል የለበትም።

ክረምቱ ለምን ያረግበዋል? ያልለፋ ቆዳ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ይሳባል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይኮማተራል። በወሎ መንዙማ የሚመታው ድቤ ድምፁ ሲዳከም እሳት ዳር የሚሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው። አልጋን እሳት ማሞቅ ስለማይቻል የደሴ ሰው መስከረምን ይጠብቃል።

ጥበቃው ረዥም ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዝናቡ በልግና ክረምት እየተባለ ሁለት ጊዜ ቢመጣም፣ የዓመቱ ግማሽ ያህል የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲያወርድ እናት ልጇን ከማጀት ወደ ሳሎን ለመጥራት መጮህ አለባት። የታጠበ ጋቢ ቤት ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሰነባብቶም አይደርቅም። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ግን ኮምቦልቻ ይደረሳል፤ ከፍታዋ ከ1,900 ሜትር በታች ነው። ከፍታ በ100 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ አራት ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ከደሴ ካፖርት ደርቦ የተነሣ ሰው ኮምቦልቻ የሚገባው ካፖርቱን በክንዱ ይዞ ነው።

ስለዚህ ያው አልጋ በሁለቱ ከተሞች ሁለት ዓይነት ኑሮ ኖሯል። ኮምቦልቻ ላይ ጠፍሩ የሚወደደው ነፋስ ስለሚያሳልፍ ነበር፤ ሙቀቱ ሲበረታ ስስ ነገር ጣል አድርጎ መተኛት ይበቃል፤ የወባ ወቅት ሲመጣ አጎበሩን ማሰር ነው። ደሴ ላይ ግን ያው ቀዳዳ ጠላት ነው። ብርዱ ከታች ይገባል። መጀመሪያ ጀንዲ የሚባለው የለፋ የበሬ ቆዳ ይነጠፋል፤ በላዩ የበግ አጎዛ፤ አቅም ሲመጣም የሣር ወይም የጥጥ ፍራሽ። ከላይ ጋቢ ይለበሳል፣ ሲሻል ቡልኮ። ከበግ ጠጉር የተሠራ የደጋ ባና ያለው ሰው ደግሞ ሌላው ሁሉ ትርፉ ነው። ባና ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ዝናብ የነካው ቀን የበጉ ሽታ ቤቱን ይሞላል። ሙቀቱን ግን የፋብሪካ ብርድ ልብስ አልደረሰበትም ባይ ነኝ።

አልጋው የሁሉም አልነበረም። በብዙ ቤት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የአባወራውና የእማወራዋ። ልጆች ከግድግዳው ጋር በጭቃ በተሠራው መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈው ይተኛሉ። እንግዳ ሲመጣ ግን ተራው ይፈርሳል፤ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ለቆመ ሰው አልጋ ለቅቆ መሬት መተኛት ወሎ ውስጥ እንደ ቁም ነገር አይወራም።

ቀን ቀን ወንበር ይሆናል። በክረምት ከሰዓት በኋላ መንገዱ በጭቃ ሲበላሽ ጎረቤት በቡና ይጠራራል። አሮጊቶቹ እግራቸውን ሰብስበው አልጋው ላይ ይወጣሉ፣ ሌላው በየበርጩማው፣ ልጁ ከማንደጃው ዳር። ከአቦል እስከ በረካ ዝናቡ ካላባራ ቆሎው ሁለተኛ ይቆላል። ቤቱ የሙስሊም ከሆነ ዱዓ ይደረጋል፤ ክርስቲያኗ ጎረቤትም መዳፏን ዘርግታ አሜን ትላለች። በፍልሰታ ጾም ሲኒው ይዘገይላታል እንጂ ከቡናው አትቀርም፤ ጾሟን ስትፈታ የሚጠጣ ይቀመጥላታል። (የማንደጃውን ፍም ሳያወጡ በር ዘግቶ መተኛት ግን ያኔም ይገድል ነበር፣ ዛሬም ይገድላል።)

መስከረም ሲጠባ አልጋው ደጅ ይወጣል። ፀሐይ ከመታው በኋላ የላላው ጠፍር ከግርጌ ይፈታና እንደ አዲስ ይሳባል፤ ሁለት ጎረምሳ ላብ በላብ የሚያደርግ ሥራ ነው። ትኋኑም የዚያን ቀን የፈላ ውኃ ይቀርብለታል። ውኃው የሚፈስሰው የእንጨቱ መጋጠሚያ ላይ ብቻ ነው። የፈላ ውኃ የነካው ጠፍር ተጨማድዶ ይቀራል፣ ቆይቶም ይበጠሳል። ይህን ያላወቀች አዲስ ሙሽራ አማቷን በአንድ ማንቆርቆሪያ ልታስለቅስ ትችል ነበር።

ከዚያ የሽቦ አልጋ መጣ፤ ቀጥሎ የጣውላ አልጋና የስፖንጅ ፍራሽ። በላዩ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ አንሶላ ሲነጠፍ፣ ጎኑ ኮመዲኖ ሲቆም፣ ጠፍሩ መጀመሪያ ወደ ልጆች ክፍል፣ ኋላም ወደ ጓሮ ተገፋ። የበሬ ቆዳም ነጋዴ እየዞረ የሚሰበስበው ሸቀጥ ሆነ፤ ኮምቦልቻ ራሷ የቆዳ ፋብሪካ አላት። ስፖንጁ እንደሚሻል አልክድም፤ ቀላል ነው፣ ወገብም አይገፋም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። በቅርብ ዓመታት የቆዳ ዋጋ ሲወድቅ ከበዓል ማግስት ቆዳ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ሲሸት እያየን ነው። ጥሬ ዕቃው በነፃ ወድቆ፣ እጁ የሚያውቀው ሰው ግን እያረጀ ነው። በደሴም በኮምቦልቻም እንጨት ሥራ የሚያስተምሩ ተቋማት አንድ ጠፋሪ ጠርተው ለአንድ ወር ቢያስተምሩበት ወጪው ከባድ አይሆንም።

ሙዚየም አለ አይባልም ወይ? አለ፤ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት የተቋቋመው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ የኢትዮጵያ ጦርነት ተዘርፏል። አንድ ቦታ የተከማቸ ነገር አንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል፤ በየጓሮው የቀረው አልጋ ዋጋው የሚጨምረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቤተሰቦቻችሁ ጓሮ የጠፍር አልጋ ካለ ለማገዶ አትፍለጡት። ጠፍሩ ቢበጠስ እንኳ እንጨቱን ከዝናብ አርቃችሁ አኑሩት፤ በሰፈሩ መጥፈር የሚችል አዛውንት ካሉ ልጆቻችሁን አጠገባቸው አስቀምጣችሁ አስጠፍሩት። ከጥቅምት በፊት ግን አትጀምሩ፤ በሐምሌ የተጠፈረ አልጋ አይደርቅም።