የጨቅላውን ጡትና እንቅልፍ እንጻፍ

በቡታጅራ አካባቢ በ10 ቀበሌዎች በ1979 ዓ.ም. መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትንና ሞትን መጻፍ ጀመሩ። እኛ ደግሞ፣ ወልቂጤም እንሁን ቡታጅራ፣ በቤታችን የጨቅላውን ጡትና እንቅልፍ እንጻፍ።

ደብተሩን በሦስት ክፈሉት፦ ጠባ፣ ሸና፣ ተኛ። በጠባ ቁጥር አንድ ጭረት አድርጉ። አራሷ ደክሟታልና አባት ይጻፍ፤ ፊደል የቆጠረው ለምን ሆነና!

ጨቅላ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። እንቅልፉ 16 ሰዓት ያህል ቢሆን አያስደንግጣችሁ። ነገር ግን «ተኝቶልኛል» ብሎ መተው የለም። ሳይጠባ 4 ሰዓት ካለፈው ቀስቅሳችሁ አጥቡት። ከአምስተኛው ቀን ወዲያ በቀንና በሌሊት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ጡቱ ይበቃዋል ማለት ነው። ጭረቱ ካነሰ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሳዩ፤ አጠባቡን ታይላችኋለች።

ጨቅላን ቅቤ ማዋጥ ይቅር። ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን። እንገሩም አይደፋ፤ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ነው።

ልጁ ጡት እምቢ ካለ፣ ገላው ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ አልነቃ ካለ ግን ጭረቱን ትታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ደብተሩን እንዳትረሱ፤ ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ማለቱ አይቀርም።