ፍላሹ ጠፋ፤ መረጃውስ?

እ.ኤ.አ. በጁን 2022 በጃፓን የአማጋሳኪ ከተማ አስተዳደር የኮምፒውተር ሥራ ከሰጠው ኩባንያ ጋር የሚሠራ አንድ ባለሙያ፣ ሥራውን ጨርሶ ከባልደረቦቹ ጋር ሊጠጣ ወጣ። ቦርሳው ውስጥ ሁለት ፍላሾች ነበሩ፤ አንዱ ዋናው፣ ሌላው መጠባበቂያ። በውስጣቸው የከተማዋ ነዋሪዎች በሙሉ፣ ማለትም ከ460 ሺህ በላይ ሰዎች ስም፣ አድራሻና የልደት ቀን፣ የግብር ዝርዝርና የድጎማ ተቀባዮች የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጭኖ ነበር። ሥራው ሲያልቅ መረጃው መሰረዝ ነበረበት፤ አልተሰረዘም። ሰውየው መንገድ ላይ እንቅልፍ ጥሎት ሌሊት ሲነቃ ቦርሳው የለም።

ባለሥልጣናቱ በጋዜጣዊ መግለጫ ይቅርታ ጠየቁ። ፍላሾቹ በምስጠራና በይለፍ ቃል የተጠበቁ መሆናቸውንም አስረዱ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከኃላፊዎቹ አንዱ ግን የይለፍ ቃሉ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ 13 ሆሄያት ያሉት መሆኑን ጨምሮ ተናገረ። ማኅበራዊ ሚዲያው ወዲያው በግምት ተጥለቀለቀ። «አማጋሳኪ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ 9 ሆሄ ነው፤ 2022 ሲታከልበት 13 ይሞላል! ደግነቱ ቦርሳው ጠፋ በተባለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከነፍላሾቹ ተገኘ።

ኃላፊው ሳያስበው የነገረን ትልቅ ቁም ነገር አለ። በተራ ፍላሽ ላይ ፋይል እንዳለ ይቀመጣል፤ የሰካው ሁሉ ያነበዋል። ምስጠራ ያለው ፍላሽ ግን እያንዳንዱ ፋይል ሲጻፍበት በምስጢር ቁልፍ ይለወጣል፤ ቁልፉ ለሌለው ሰው ትርጉም አልባ የቁጥር ክምር ሆኖ ይቀራል። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ስልት ኤ.ኢ.ኤስ ይባላል። ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ቤልጂየማውያን የነደፉት ሲሆን፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 የመንግሥት መለኪያ አድርጋ ተቀብላዋለች። ባለ 256 ቢት ቁልፍ ሊሆን የሚችለው የቁጥር ብዛት ራሱ 78 አሃዝ ይወጣዋል። እያንዳንዱን ሞክሮ የሚጨርስ ኮምፒውተር የለም። ስለዚህ ሌባ ቁልፉን አይታገልም፤ ቁልፉን የሚከፍተውን የይለፍ ቃል ይገምታል። የከተማ ስምና ዓመተ ምሕረት፣ የልጅ ስምና የልደት ቀን፣ የስልክ ቁጥር… ከእነዚህ ነው የሚጀምረው።

ምስጠራ ጨርሶ ያልተደረገበት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ የለንደኑ ሒትሮው አየር ማረፊያ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ሰው ምዕራብ ለንደን ውስጥ ፍላሽ ወድቆ አገኘ። ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ኮምፒውተር ላይ ሰካው፤ ምንም ሳይጠይቀው ተከፈተ። 76 ማኅደሮችና ከ1,000 በላይ ፋይሎች ነበሩበት። ፍላሹ ጋዜጣ ቤት ደረሰ፤ ጋዜጣውም ንግሥቲቱ ወደ አየር ማረፊያው የምትጓዝበት መንገድ ሳይቀር እንደነበረበት ዘገበ። በቀጣዩ ዓመት የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር ቢሮ አየር ማረፊያውን 120 ሺህ ፓውንድ ቀጣው። ከቅጣቱ ይልቅ የሚያስደነግጠው ምርመራው ያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ ከ6,500 ሠራተኞች መካከል ስለ መረጃ ጥበቃ የሠለጠኑት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ።

«ያገኘ ሰው መች ይከፍተዋል?» የሚል ካለ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲን ሙከራ ይመልከት። ተመራማሪዎች 297 ፍላሾችን ግቢው ውስጥ ሆን ብለው ጣሉ። ቢያንስ 45 በመቶው ላይ ያሉት ፋይሎች ተከፈቱ።

የይለፍ ቃል የጠየቀ ሁሉ ግን መስጥሯል ማለት አይደለም። ማኅደርን ከዓይን ብቻ የሚሰውሩ ፕሮግራሞች ሞልተዋል፤ ፋይሉ ከሥር ሳይነካ ተቀምጧል። ውድ ዕቃም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2010 የጀርመኑ ሲስ ኩባንያ ባለሙያዎች ኪንግስተን፣ ሳንዲስክና ቨርባቲም ምስጠራ አላቸው ብለው ይሸጧቸው የነበሩ፣ የአሜሪካ መንግሥት ማረጋገጫ ጭምር የነበራቸው ፍላሾች ላይ ቀዳዳ አገኙ። የይለፍ ቃሉን የሚያጣራው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ነበር። ቃሉ ትክክል ሲሆን ወደ ፍላሹ የሚልከው የመክፈቻ ምልክት ምንጊዜም አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ ያንን ምልክት የያዘ ሰው ያለ ይለፍ ቃል ይገባ ነበር።

ለተራው ተጠቃሚ ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ቢትሎከር የሚባል የፍላሽ መመስጠሪያ አለ፤ ፍላሹን ሰክቶ፣ ምልክቱን በቀኝ ተጭኖ ማስጀመር ነው። «ሆም» የተባለው የዊንዶውስ ዓይነት ፍላሽ መመስጠር ባይችልም የተመሰጠረውን ይከፍታል። ያ ያልተመቸው ቬራክሪፕትን በነጻ ያወርዳል፤ ማክ ያለው ደግሞ ዲስክ ዩቲሊቲን ይጠቀማል። ቢትሎከር ሥራ ሲጀምር «የተያዘውን ክፍል ብቻ ነው ወይስ ሙሉውን?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙዎች ለፍጥነት ሲሉ የመጀመሪያውን ይመርጣሉ። አዲስ ለተገዛ ፍላሽ ምርጫው ያስኬዳል። ሲሠራበት ለቆየ ግን ሙሉውን ማለት ይሻላል፤ የተሰረዘ ፋይል ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ቦታው ላይ ስላለ፣ በነጻ የሚገኝ የፋይል መመለሻ ፕሮግራም ሊያወጣው ይችላል።

ቢትሎከር ባለ 48 አሃዝ የመጠባበቂያ ቁልፍም ይሰጣል። እሱን በቸልታ ማለፍ አይገባም። ስቴፋን ቶማስ የተባለ በአሜሪካ የሚኖር የኮምፒውተር ባለሙያ 7,002 ቢትኮይኑን የሚከፍተውን ቁልፍ አይረንኪ በተባለ ፍላሽ ላይ አስቀምጦ፣ የይለፍ ቃሉን የጻፈበት ወረቀት ጠፋበት። ፍላሹ 10 ጊዜ የተሳሳተ ሰው ላይ ለዘለዓለም ይዘጋል። ወሬው እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለምን ሲያዳርስ ሰውየው 8ቱን ሙከራ ጨርሶ ነበር። ምስጠራ ባለቤትንና ሌባን በመልክ አይለይም። የመጠባበቂያ ቁልፉ ታትሞ ቤት ይቀመጥ፤ ፍላሹ ላይ ወይም ከፍላሹ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ግን አይደለም።

በእኛ አገር ፍላሽ ብዙ ጊዜ የሚንከራተተው በፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤቶች ነው። የዲግሪ ቅጂ፣ የፓስፖርት ገጽ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የታካሚ ዝርዝር ይዞ ከማያውቁት ኮምፒውተር ይሰካል፤ ቫይረስ ይዞ መመለሱም የተለመደ ነው። ምስጠራ እዚህ ላይ ያቅተዋል። የይለፍ ቃሉ አንዴ ከገባ፣ ፍላሹ እስኪነቀል ድረስ ኮምፒውተሩ ውስጡን ሁሉ ያያል፤ ያደፈጠ ተንኮለኛ ፕሮግራም ካለም ፋይሉን መቅዳት፣ የተጻፈውን የይለፍ ቃል መመዝገብ ይችላል። ስለዚህ ለማተሚያ የሚሆን ሌላ ርካሽ ፍላሽ ይዞ፣ በዚያ ቀን የሚታተመውን ብቻ ጭኖ መሄድ ይበጃል። የሰው መረጃ የሚይዙ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ደግሞ ከራስ ጥንቃቄ አልፏል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደኅንነቱን የመጠበቅ ግዴታ ጥሎባቸዋል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሙሉ በሙሉ በቬራክሪፕት የተመሰጠረ ፍላሽ ሌላ ሰው ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ፣ ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎት ፎርማት ላድርገው ብሎ ይጠይቃል። ቢሮ ውስጥ አንድ ቅን ባልደረባ ሊረዳ ብሎ «እሺ»ን ቢጫን ሁሉም ነገር ይጠፋል። የፍላሹ ሽፋን ላይ «ፎርማት እንዳታደርጉ» የሚል ቁራጭ ወረቀት መለጠፍ፣ የፋይሎቹንም ሌላ ቅጂ ቤት ማስቀረት ያስፈልጋል።