የአባት ወጥ ጨው ሳይገባ ይውጣ

በአቃቂ ቃሊቲ ዙሪያ ባለው የገበሬ ቤት ለሽማግሌ አባት የሚቀርብ ምግብ ክብር ያለው ነው። ቅቤው ይበዛላቸዋል፤ ጨውና በርበሬው ጠበቅ ይላል። ቡናውም በጨው የሚጠጣበት ቤት አለ። ጨው የሌለው ወጥ ቢቀርብላቸው «ምነው፣ ናቃችሁኝ እንዴ?» የሚሉ አባት አይጠፉም። አይፈረድባቸውም፤ ያደጉበት ነው። ነገር ግን ልባቸው ከታመመ ይኸው የክብር ምግብ መልሶ ሆስፒታል ያስተኛቸዋል። እናትም ቢሆኑ ያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ደምን ወደ መላ ሰውነት የሚገፋ ጡንቻ ነው። የደም ግፊት ለብዙ ዓመት ሲያስቸግረው ይደክማል። ጨው ደግሞ በሰውነት ውስጥ ውሃ ይይዛል። ለደከመ ልብ ይህ ውሃ ዳገት ላይ ደክሞ በቆመ አህያ ላይ ሌላ ጭነት እንደ መጨመር ነው። ውሃው ወደ እግር ሲወርድ እግር ያብጣል። በሳንባ ሲጠራቀም ትንፋሽ ያጥራል፤ ሌሊት ጋደም ብሎ መተኛት ያቅታል። ሐኪም የሚያዘው የሚያሸና ክኒን ይህን ውሃ ያስወጣል። ክኒኑ ያስወጣውን ጨው መልሶ ካስገባው ምን ዋጋ አለው?

የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው። 5 ግራም ማለት ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ይህም የወጡ፣ የዳቦው፣ የቆሎውና የቡናው ጨው ተደምሮ ነው። ለልብ ሕመምተኛ ሐኪሙ ከዚህም ሊቀንስ ይችላል።

«ታዲያ ለአንድ ሰው ብዬ ሁለት ድስት ልጣድ? ማገዶውስ?» የሚሉ እናቶች ይኖራሉ። ሁለት ድስት አያስፈልግም። ወጡ ያለ ጨው ይሠራ። ሲበስል የአባት ድርሻ በጣባ ይውጣ። ለቀረው ቤተሰብ ጨው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሲበላም አባትን ከመሶብ መለየት አይገባም። የእሳቸው ወጥ በእሳቸው በኩል ይውጣላቸውና አብረው ይብሉ። ለብቻ ማዕዘን ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ምግቡ ቢጣፍጥም አይበላለትም።

ተደብቆ የሚገባ ጨው አለ። በርበሬና ሽሮ ሲሰናዱ ጨው አብሮ ይገባባቸዋል። ስለዚህ ወደ ወፍጮ ከመሄዱ በፊት ለአባት የሚበቃው ያለ ጨው ለብቻ ይዘጋጅ። ከሱቅ የሚገዛው የሾርባ ቅመምም ጨው የበዛበት ነው። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነውና መጠቅለያውን እናንብበው፤ «ሶዲየም» የሚል ካለ የጨው ነገር ነው። እንጀራ በደህናው ጊዜ ጨው አይገባበትም፤ ዳቦ ግን ይገባበታል።

ጣዕሙን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና ሎሚ ይመልሱታል። መጀመሪያ ላይ አባት ማጉረምረማቸው አይቀርም። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ ግን ምላስ ይለምዳል።

ቅቤና በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት የደም ሥር የሚያጠብ ስብ አላቸው፤ በጥቂቱ ይሁኑ። ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ከተገኘ የኑግ ዘይት ይሻላል።

ምስርና ጎመን ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ጎመኑ የት በቀለ? በአቃቂ ወንዝ ውሃ በሚለማ ቅጠላ ቅጠል ላይ ለጤና የማይበጁ ብረቶች እንደተገኙ ጥናቶች አሳይተዋል። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ያመጣው ነው። ተክሉ የመጠጠው በማጠብ አይለቅም። በጓሮ፣ በንጹሕ ውሃ የበቀለው ይመረጥ።

ጾምም ይታሰብበት። ክኒን በሰዓቱ መወሰድ አለበት። በኦርቶዶክስም በእስልምናም ሕመምተኛ የማይጾምበት ሥርዓት ስላለ ቄሱን ወይም ሼኩን ማማከር ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው የፋሲካ ሰሞን ነው። በየዘመዱ ቤት ዶሮ ወጥ «በሞቴ» እየተባለ ይጎረሳል፤ ጨውና ቅቤው በአንድ ቀን ይገባል። ዘመድ አስቀድሞ ይነገረው።

የአባትን ቁርጭምጭሚት ጠዋት ጠዋት በጣት ጫን አድርጎ ማየት ጥሩ ነው። የተጫነው ቦታ ጎድጉዶ ከቀረ፣ ወይም ለመተኛት ትራስ መደራረብ ከጀመሩ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። በክፍለ ከተማው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም አለ። ትንፋሽ ካጠራቸው ግን በዚያው ሰዓት ይሂዱ። የሚጠጡትን ውሃ ሐኪም ሳያዝ በራስ አይቀንሱባቸው። ሲሄዱም የሚውጡት ክኒን ሁሉ ከነወረቀቱ ይያዝ።