የአያቴ ሁለት ፌስታሎች፦ የደም ግፊት መድኃኒትና የህመም ማስታገሻ ሲገናኙ



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ፈተና አልቆ ብዙዎቻችን ወደየቤታችን ልንበተን ነው። ቤት ስንደርስ «ተማረ» የተባለ ልጅ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ መድኃኒት ነው። «እስቲ ይህን አንብብልኝ፤ ለምን ይሆናል?» ይሉናል። እኔ የምማረው ሲቪል ምህንድስና ቢሆንም አያቴ ዘንድ ያው ሐኪም ነኝ። ባለፈው ዓመት ይህ ማዕረግ ዋጋ ሊያስከፍለን ስለነበር ታሪኩን ከነምክንያቱ ላካፍላችሁ። ጽሑፉን የጀመዓችን የህክምና ተማሪዎች አይተው አርመውልኛል።

አያቴ ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ለደም ግፊታቸው ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች በየቀኑ ይወስዳሉ። ጉልበታቸውንም ያማቸዋል፤ ከሱጁድ ሲነሱ ግድግዳ ይደገፋሉ። ለእረፍት ስሄድ አሳዘኑኝና ባለ 400 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን ገዛሁላቸው። በሦስተኛው ቀን «አላህ ይጨምርልህ ልጄ፣ ዛሬ ያለ ድጋፍ ሰገድኩ» ብለው መረቁኝ። ደስ አለኝ። ወደ ግቢ ስመለስም ተጨማሪ ገዝቼ ትቼላቸው መጣሁ።

ወዲያው ረመዳን ገባ፤ አያቴም ጾሙ። ወር ሳይሞላ እግራቸው አበጠ፣ ሽንታቸው ቀነሰ፣ ድካምና ማቅለሽለሽ ጀመራቸው። ሲመረመሩ ግፊታቸው ከወትሮው ጨምሯል፤ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሪያቲኒን የተባለው የደም ምርመራም ከፍ ብሏል። ሐኪሙ «አባባ፣ ከግፊቱ መድኃኒት ሌላ የሚወስዱት አለ?» ብለው ሲጠይቁ አያቴ «የለም» አሉ። አልዋሹም። እሳቸው መድኃኒት የሚሉት ሐኪም የሰጣቸውን፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፌስታል ያለውን ነው። የእኔ ኢቡፕሮፌን ትራሳቸው ሥር በሌላ ፌስታል ነበር፤ እሱ «የልጅ ልጄ ያመጣልኝ» እንጂ መድኃኒት አልነበረም። ትዝ ብሏት የተናገረችው አክስቴ ናት።

ማጣሪያው ላይ ምን ሆነ?

በእያንዳንዱ ኩላሊታችን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ያጣራሉ፤ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ደም ይገባና አንድ ሁለት ሊትር ያህሉ ብቻ ሽንት ሆኖ ይወጣል። ማጣሪያው የሚሠራው በግፊት ነው። ደም የሚያስገባ ቀጭን የደም ሥር አለ፤ የሚያስወጣም አለ። መግቢያው ሰፋ፣ መውጫው ጠበብ ሲል መሐል ላይ ግፊት ይፈጠርና ፈሳሹ ይጣራል። የውኃ መስመር የሠራ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ሦስቱን መድኃኒቶች በየተራ እናስገባቸው።

አንደኛ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ነው፤ ጨውና ውኃ ከሰውነት ያስወጣል። ወደ መስመሩ የሚመጣው ውኃ ይቀንሳል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ኢናላፕሪል መውጫውን የሚያጠብበውን አንጂዮቴንሲን ሁለት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። መውጫው ይሰፋል። ሊሲኖፕሪልና ካፕቶፕሪልም እዚሁ ወገን ናቸው፤ ሎሳርታንም በተለየ መንገድ ቢሆንም መውጫውን ያሰፋል።

ሦስተኛ፣ ኢቡፕሮፌን ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን እንዳይሠራ ያግዳል። ብሪታንያዊው ጆን ቬን አስፕሪን የሚሠራው በዚህ መንገድ መሆኑን በ1971 እ.ኤ.አ. አሳይተው፣ በ1982 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ፕሮስታግላንዲን ጉልበት ላይ ህመምና እብጠት ያመጣል፤ ኩላሊት ውስጥ ግን ደም ሲያንስ መግቢያውን ከፍቶ የሚይዘው እሱ ነው። ማስታገሻው ጉልበትንና ኩላሊትን አይለይም። ህመሙ ሲጠፋ መግቢያውም ይጠብባል።

ውኃው አነሰ፣ መግቢያው ጠበበ፣ መውጫው ሰፋ። አንዱ ብቻ ቢሆን ሰውነት ብዙ ጊዜ ያካክሰዋል፤ ሦስቱ ሲደመሩ ግን ማጣሪያው ላይ ያለው ግፊት በጣም ሊወርድ ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመና በብሪታንያ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ የግፊት መድኃኒት ተጠቃሚዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ሦስቱ አብረው ሲወሰዱ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የመድረስ ዕድሉ በ80 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አግኝቷል። አያቴ በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ውኃ አይጠጡም ነበር።

ጉዳቱ ኩላሊት ላይ ብቻ አያበቃም። ጨውና ውኃ ስለሚጠራቀም የግፊት መድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል፤ እግር ያብጣል። በደም ውስጥ ፖታሲየም ሲጨምር የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ጨጓራም ሊደማ ይችላል።

ለምን አረጋውያን ወንዶች?

ዕድሜ ሲገፋ የኩላሊት አቅም በራሱ ይቀንሳል፤ ጥማትም እንደ ወጣትነት አይሰማም። ብዙ አባቶች ደግሞ የፕሮስቴት እጢ ማበጥ አለባቸው። ስለዚህ ሽንታቸው ሲቀንስ «ያው የሽማግሌ ነገር ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለፕሮስቴት የሚሰጡ እንደ ታምሱሎሲን ያሉ መድኃኒቶች ከመቀመጫ ሲነሱ ግፊትን ዝቅ ሊያደርጉ ይችላሉ። ትራማዶል የተባለው ጠንካራ ማስታገሻ ሲጨመርበት ለሌሊት ሶላት የተነሱ አባት አዙሯቸው ሊወድቁ ይችላሉ።

ቤት ስንገባ ምን እናድርግ?

1. «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብቻ ብለን አንጠይቅ። «ለጉልበት፣ ለወገብ፣ ለራስ ምታት የሚውጡት ወይም የሚወጉት አለ? ከውጭ አገር የተላከልዎትስ?» እንበል። ሁሉንም አንድ ቦታ አስቀምጠን በስልክ ፎቶ እናንሳና ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ እናሳይ።

2. ኢቡፕሮፌን (አድቪልም እሱው ነው)፣ ዲክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲንና ናፕሮክሲን አንድ ወገን መሆናቸውን እንወቅ። ብዙዎች «ዳይክሎ» የሚሉት መርፌም ዲክሎፌናክ ነው፤ በመርፌ መሰጠቱ ኩላሊትን አያድነውም።

3. ሐኪም ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚመርጠው ፓራሲታሞልን ነው፤ እሱም ልክ አለው። ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ለአረጋውያን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይቀንሳል። በ2022 እ.ኤ.አ. ከኤድንብራ የወጣ ጥናት በቀን 4 ግራም ለሁለት ሳምንት የወሰዱ የግፊት ሕሙማን የላይኛው ግፊታቸው በ5 ነጥብ ገደማ እንደጨመረ አሳይቷል። ለጉልበት የሚቀባ ማስታገሻ ወደ ደም የሚገባው ከሚዋጠው በጣም ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ሐኪም ይጠየቅ።

4. የግፊት መድኃኒት ወይም ለልብ የታዘዘ አነስተኛ አስፕሪን በራሳችን ውሳኔ አናስቁም። ድንገት ማቋረጥ ሌላ አደጋ አለው።

5. የሽንት መቀነስ፣ ድንገተኛ የእግር ማበጥ፣ ጥቁር ሰገራ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ካለ በዚያው ቀን ወደ ህክምና እንውሰዳቸው።

6. ረመዳን ሳይገባ ሐኪም ይጠየቅ። ለታመመ ሰው ጾሙም ሶላቱም የተገራለት መሆኑን ከመድረሳ ጀምሮ ተምረናል። አባቶቻችንም ያውቁታል፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን መቀበል ይከብዳቸዋል። በአክብሮት ማስታወስ የእኛ ድርሻ ነው።

አልሐምዱሊላህ፣ የአያቴ ኢቡፕሮፌን ቆሞ ህክምና ተደረገላቸውና በሳምንታት ውስጥ የኩላሊት ምርመራቸው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ዘግይተን ቢሆን ላይመለስ ይችል ነበር። አሁን ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰግዳሉ። መጀመሪያ ደስ አላላቸውም ነበር፤ ሰው «ሸምግለዋል» እንዳይላቸው ሰግተው ይመስለኛል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፌስታልም አንድ ብቻ ሆኗል፤ ሁሉም መድኃኒት እዚያው ነው። እኔም ቤት ስገባ ከሰላምታ ቀጥሎ የማየው እሱን ነው።

መልካም እረፍት።