ሠሪው ማን ነው?

አራዳ ህንድን ያወቀችው በንግድ ነው። የህንዳውያኑ የመሐመድአሊ ኩባንያ በቀድሞዋ አዲስ አበባ ከገነኑት የንግድ ቤቶች አንዱ ነበር። በኋላም ህንዳውያን መምህራን በየትምህርት ቤቱ አስተማሩ፤ ሲኒማ ቤቶችም የህንድ ፊልም አሳዩ። የሂንዱ ፍልስፍና ግን እምብዛም አልተዋወቀም። «እኔ ሠራሁት» የሚለውን ስሜት ስለ መተው የሚያነሣው ክርክር እንኳ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው።

የክርክሩ ዋና ምንጭ ብሃገቫድ ጊታ የተባለው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ጦረኛው አርጁና ዘመዶቹን መውጋት ከብዶት ቀስቱን ሲጥል፣ አምላኩ ክሪሽና «ተዋጋ፤ ውጤቱን ግን የኔ አትበል» የሚል ምክር ይሰጠዋል። ምዕራፍ 18 ለማንኛውም ሥራ 5 ምክንያቶች ይቆጥራል፦ አካል፣ ሠሪ፣ መሣሪያ፣ ልዩ ልዩ እንቅስቃሴና መለኮታዊ ኃይል። ከእሪ በከንቱ ሽቅብ ፒያሳ ወጥተን ቀለበት የሚሠራ ባለሙያ ብናይ፣ እጁ፣ እሳቱ፣ መዶሻው፣ የወርቁ መለስለስ ሁሉ ድርሻ አላቸው። «ብቻዬን ሠራሁት» ካለ፣ ጊታ እንደሚለው አላስተዋለም።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ሳንክያ የሚባለው ትምህርት የምትሠራው ተፈጥሮ ናት፣ ነፍስ ተመልካች ብቻ ናት ይላል። በ8ኛው መቶ ዘመን እንደኖረ የሚገመተው ፈላስፋ ሻንካራ ሠሪነት ካለማወቅ የተነሣ በነፍስ ላይ የተለጠፈ ነው፣ ዕውቀት ሲመጣ ይረግፋል ባይ ነው። ሌላው ፈላስፋ ራማኑጃ አይስማማም፤ ሰው በእርግጥ ይሠራል፣ አቅሙ ግን ከአምላክ ነው። «እሱ ረድቶኝ» የሚል አበሻ ለራማኑጃ ይቀርባል። ኒያያ የሚባለው ትምህርት ሊቃውንት በበኩላቸው ነፍስ ካልሠራች ዋጋና ቅጣት ለማን ይደርሳል ብለው ይሞግታሉ።

በቅርቡ ዘመንም ክርክሩ አልበረደም። ህንዳዊው የነጻነት ታጋይ ቲላክ በበርማ እስር ቤት ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ጊታ ወደ ሥራ እንጂ ወደ ምናኔ አይጠራም አለ። የባንክ ኃላፊ የነበረው ራሜሽ ባልሴካር ደግሞ ድርጊት ይሆናል እንጂ ግለሰብ ሠሪ የለም ብሎ አስተማረ።

ታዲያ ወንጀለኛ «እኔ አይደለሁም» ቢልስ? «እኔ ሠራሁት» ከሚል ስሜት የጸዳ ሰው ቢገድልም አልገደለም የሚለው የጊታ ቃል እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክሪሽና ግን ይህን ሁሉ አስተምሮ ሲያበቃ አርጁናን በደንብ አስብበትና እንደወደድህ አድርግ ይለዋል። ስለዚህ እንዲተው የተጠየቀው ትምክህቱን እንጂ ምርጫውን አይደለም።